ጓዳዬን አትንኪ

ነገሩ የገባኝ ወንበሯ የተወሰደች ዕለት ነው።

ከጠረጴዛዬ አጠገብ ጎማዋ የሚንጫጫ፣ መደገፊያዋ የተላጠ አንዲት ወንበር ነበረች። የመሥሪያ ቤቱ ሰው «የደጅ ጥናት ወንበር» ነው የሚላት። ፕሮግራም እንዲጫንለት የሚፈልግ ሁሉ መጥቶ እሷ ላይ ይቀመጣል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ስለ ጤናዬ ይጠይቀኛል፣ ስለ እናቴ ዓይን ይጠይቀኛል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ጉዳዩ ይገባል። እኔም ቶሎ እሺ አልልም። «እስቲ አየዋለሁ» እላለሁ። እንደዚያ ማለት ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን ልዋሽ።

ያን ዕለት ጠዋት ቦርሳዬን ሳስቀምጥ ወንበሯ የለችም። ቀና ስል ከክፍሉ ወዲያ ጥግ፣ እህቴ ጠረጴዛ አጠገብ ቆማለች። ካርታ ሠሪው ተቀምጦባታል። ደግሞ ይስቃል! እኔ ዘንድ ሲቀመጥ ጥርሱን አይቼው አላውቅም።

ቀናሁ። «ቅር አለኝ»፣ «ከፋኝ» እያሉ ማለስለስ ይቻላል፤ እኔ ግን ስሙን አውቀዋለሁ፣ ከልጅነቴ አብሮኝ ያደገ ነው። ቅናት ነው፤ አንጀት ይበላል። ሰላም ሳልላቸው ኮምፒውተሬን ከፈትኩና ምንም የማይነበብ ነገር ሳነብ አረፈድኩ።

መሥሪያ ቤታችን ወንዞችን ያጠናል። የት ሞላ፣ የት ጎደለ፣ ነገ ውሃው ማን ሰፈር ይገባል የሚለውን የሚያሰላው በኮሪደሩ መጨረሻ፣ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ሰርቨር ነው። ሁላችንም በየጠረጴዛችን ሆነን የምንሠራው እሱ ላይ ነው። የምንጠቀምባቸው ፕሮግራሞች ደግሞ ነጻ ናቸው፤ ማንም አውርዶ ይጭናቸዋል፣ የሚችልም ያሻሽላቸዋል። ነጻ መሆናቸውን አልጠላሁም። ግን ነጻ ነገር ሲገኝ ሰው ልክ አያውቅም። እኔ ስቀጠር እያንዳንዱ በየራሱ ፎልደር ያሻውን ይጭን ነበር። ያንኑ አንድ የካርታ ፕሮግራም ሁሉም ለየብቻው ጭኖታል፤ አንዱ አሮጌውን፣ ሌላው አዲሱን፣ አንዳንዱም ጀምሮ ትቶታል። ዲስኩ ጢም ብሎ ሞልቶ ማሽኑ ያቃስት ነበር።

ሥርዓት ያስያዝኩት እኔ ነኝ። ለፕሮግራም ብቻ የሚሆን አንድ የጋራ ቦታ ከፈትኩ፤ ስሙን «ጓዳ» አልኩት። ከእንግዲህ ማንኛውም ነገር የሚጫነው ጓዳ ውስጥ ነው፤ ከእያንዳንዱ ፕሮግራም አንድ ብቻ ይኖራል፤ ፓስዎርዱም እኔ ጋ ነው ብዬ አወጅኩ። ሰው አጉረመረመ፣ ከዚያ ለመደ። ማሽኑም መተንፈስ ጀመረ። ኃላፊያችን እንግዳ ባመጣ ቁጥር ጠረጴዛዬ ዘንድ ቆሞ «እሷ ባትኖር ዛሬ በጣታችን ነበር የምንቆጥረው» ይል ነበር። እንግዶቹ ይስቃሉ፣ እኔ አንገቴን እደፋለሁ፣ ልቤ ግን ጣሪያ ይነካል።

ከዚያ እህቴ ተቀጠረች። ያስቀጠርኳትም እኔው ነኝ። የመጀመሪያውን ትእዛዝ ያስጻፍኳት ቤታችን በነበረው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ኪቦርዱ አንድ ቁልፍ ስለጎደለው ጎደሎውን በክብሪት እንጨት እየነካች ነበር የምትጽፈው። ጣቷን ይዤ፣ ስትሳሳት እጇን መታ እያደረግኩ አስተማርኳት። መሥሪያ ቤቱም እኔን «ትልቋ»፣ እሷን «ትንሿ» ብሎ ሰየመን። ቤት ውስጥም ስሟ ያው ነው። ትንሽ መሆኗ ካበቃ ብዙ ጊዜው ነው፤ ግን እማዬ ማታ ማታ ብርቱካን ልጣ ስታካፍለን የመጀመሪያዋን ቁራጭ ዛሬም ለእሷ ነው የምትዘረጋላት።

«ትንሿ ትቅደም» ትላለች።

እኔ ሁለተኛዋን እቀበላለሁ። ሁለተኛዋም ጣፋጭ ናት፤ ነገሩ የጣዕም አይደለም።

አሁን ወደ ወንበሯ። ከመወሰዷ በፊት ጠብ ነበር። ጎርፍ የሚተነብየው ሰውዬ፣ ፊቱ መቼም ስለማይፈታ «ደመና» የምንለው፣ ስሌቱን የሠራው በአሮጌው የሒሳብ ፕሮግራም ነው። ካርታ ሠሪው ደግሞ ያለ አዲሱ አይሠራልኝም አለ። ጓዳ ውስጥ የሚቀመጠው አንድ ብቻ ነው፤ ሕጉ ሕግ ነው። አዲሱን ስጭን ደመና መጥቶ የደጅ ጥናት ወንበር ላይ ይቀመጥና «ቁጥሮቼ ተዘበራረቁ» ብሎ ያለቅሳል። አሮጌውን ስመልስ ካርታ ሠሪው ይመጣል። ሁለቱም እየተፈራረቁ ሲለምኑኝ ሰነበቱ። እውነቱን ለመናገር አልጠላሁትም።

ትንሿ ናት የገላገለቻቸው። ሳትነግረኝ አይደለም፤ ነግራኛለች። «እትዬ፣ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ ቤት ብንሠራለትስ? ቤቱ ውስጥ ደግሞ ለአሮጌውም ለአዲሱም የየራሱ ክፍል። አዲስ ሲመጣ አሮጌው አይባረርም። ሰውዬው ሥራ ሲጀምር የሚፈልገውን ክፍል ይጠራል፣ በቃ።»

«ከዚያ ዲስኩ ይሙላ?» አልኳት።

«ዛሬ ዲስክ እንደ ድሮው ጠባብ አይደለም እኮ።»

«ሞክሪው» አልኳት፤ ፓስዎርዱንም ሰጠኋት። ይከሽፋል ብዬ ነው። አልከሸፈም። በሌላ አዲስ ዲስክ ላይ ሠራችውና ስሙን «ሰፈር» አለችው። ደመና ከነአሮጌው፣ ካርታ ሠሪው ከነአዲሱ፣ ሁለቱም በአንድ ማሽን ላይ በሰላም መሥራት ጀመሩ። ወሬው ከክፍል ክፍል ተዛመተ። የስታትስቲክስ ባለሙያዋ፣ ለኔ ሰላምታ እንኳ እየቆጠበች የምትሰጠኝ ሴትዮ፣ ትንሿን አቅፋ ሳመቻት። ወንበሯም ተጎትታ ወዲያ ማዶ ተሻገረች። ፊት ከበቀለ ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ ይበልጣል ሲባል እሰማ ነበር፤ ጆሮው ምን እንደሚሰማው ግን የሚናገር የለም።

ሰው ሁሉ ወደ ሰፈር ፈለሰ። እኔ ግን ከጓዳዬ አልወጣሁም። በየጠዋቱ የወንዞቹን ከፍታ የሚያሳየውን ሥዕል አዘጋጅቶ የሚልከው የኔ ፕሮግራም ነው፤ ውስጡ የጻፍኩት አድራሻ ሁሉ የጓዳ ነው። ትንሿ «ወደ ሰፈር ላዙርልሽ?» ብትለኝ «የኔ መንገድ ምን ጎደለው?» አልኳት። ግትርነት ነው በሉት። ሰው በሠራው ቤት ውስጥ እንግዳ መሆን እንዴት ደስ ይላል?

ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከቀዝቃዛው ክፍል ሹራቧን እንደለበሰች ወጥታ ጠረጴዛዬ ዘንድ ቆመች። የምትቀመጥበት ወንበር የለም፤ እሷ ጋ ነው ያለው።

«እትዬ፣ የጓዳው ዲስክ ድምፁ አላማረኝም። ያንቃርራል። ሳይቀድመን ውስጡ ያለውን ወደ ሰፈር ላሽሸው?»

ደሜ ፈላ። ወንበሬን፣ ሰዎቼን፣ የኃላፊውን ምስጋና ወስዳ ሳይበቃት የቀረችኝን አንዲት ጓዳም ልትበረብር መጣች አልኩ።

«ጓዳዬን አትንኪ!» ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። የስታትስቲክስ ባለሙያዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችን። «ሰው ሁሉ ወዳንቺ መጣልሽ፣ አልበቃ አለሽ? ምን ዓይነት ቀናተኛ ነሽ?»

አዎ፣ እኔ ነኝ ይህን ያልኩት። ትንሿ «እሺ» ብላ ሄደች።

ብዙም ሳይቆይ እማዬ ዓይኗን ልትቀደድ ሐኪም ቤት ገባች። ማን አጠገቧ ይሁን ሲባል እኔ ፈቃድ ወጣሁ። ትንሿ ሥራ ላይ ቀረች፤ ማታ ማታ ትመጣለች፣ እግሯ ሲገባ እማዬ ፋሻዋን እንደታሰረች «ትንሿ መጣች» ትላለች። ቀኑን ሙሉ ትራሷን ያስተካከልኩ፣ ጠብታዋን ያንጠባጠብኩ፣ ውሃዋን ያስጎነጨሁ እኔ። የኔ እጅ አመድ አፋሽ ነው።

ስመለስ ወደ ማሽኑ ተጣደፍኩ። የወንዞቹ ሥዕል አንድም ቀን ሳይቀር፣ በሰዓቱ፣ በየጠዋቱ ሄዷል።

«እኔ ሳልኖር ምን ተፈጠረ?» አልኳት ትንሿን።

«ምንም» አለችኝ። «ሁሉም ሰላም ነው።»

ደስ አለኝ። ዲስኩ ያንቃርራል ስትል አልነበር? ይኸው አላንቃረረም! ለማንም ለማንም አወራሁት። ምሳ ቤት ሰልፍ ላይ፣ ደረጃ ላይ፣ መታጠቢያ ቤት መስተዋት ፊት «ጓዳዬ እንዳላችሁት አልሞተም፤ ከሰፈራችሁ ሁሉ ይበልጣል፣ አንድ ቀን እንኳ አላንገራገረም» እላለሁ። ሰው ይሰማኛል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ይሄዳል። ትንሿ አጠገባችን ካለች ጫማዋን ታያለች። እኔ ደግሞ አፈረች ብዬ ይበልጥ ደስ ይለኛል። ጓዳውን ከፍቼ ውስጡን ማየት አንድም ቀን ትዝ አላለኝም። ማንም አዲስ ነገር ጫኚልኝ ካላለኝ ለምን እገባለሁ? ስጠራው አቤት እስካለኝ ድረስ ደኅና ነው ብዬ ተቀመጥኩ።

እንዲህ እያለ አዲሱ ማሽን መጣ። ሣጥኖቹ ኮሪደሩን ዘግተው ሰው በጎኑ ነበር የሚያልፈው። ኃላፊው ሁላችንንም ሰበሰበና፣ «ሁለት ራስ ያለው ማሽን አልፈልግም» አለ። «ወይ ጓዳ፣ ወይ ሰፈር። ሁለቱ እህቶች ሰው ሁሉ ባለበት ግድግዳው ላይ ያሳዩን። አደረጃጀቷ የተመረጠላት አዲሱን ማሽን በኃላፊነት ትይዛለች፣ ሌላዋ ረዳቷ ትሆናለች።»

ረዳቷ። በክብሪት እንጨት ፊደል ላስነካኋት ልጅ እኔ ረዳት! ያን ሳምንት ምግብ አልዋጥልሽ አለኝ። እማዬ ደግሞ ፋሻው ከተፈታላት ወዲህ አዲሱን መነጽሯን አድርጋ ፊቴን ማንበብ ጀምራለች።

«አንቺ ትልቅ አይደለሽ?» አለችኝ አንድ ማታ። «ለታናሽሽ ብትተዪላትስ?»

«ለምን እሷ አትተውልኝም?»

«ትንሽ ናታ።»

ተነሥቼ ሳህን አጠብኩ። ታጥቦ የተቀመጠውንም ደግሜ አጠብኩት።

ቀኑ ደረሰ። የስብሰባው ክፍል መጋረጃው ተዘግቶ፣ ነጩ ግድግዳ ላይ የኮምፒውተሬ ስክሪን ጎልቶ ተዘረጋ። ትልቅ ነኝና እኔ ቀደምኩ። ሌላ ቦታ ባይሆን እዚህስ ትልቅነቴ ጠቀመኝ አልኩ በልቤ።

«ሰፈር መልካም ነው» ብዬ ጀመርኩ፤ ሰው ከመውቀሱ በፊት ትንሽ ማመስገን አለበት። «ግን ሰፈር ሲበዛ መንገድ ጠያቂ ይበዛል። የትኛው ቤት? የትኛው ክፍል? አሮጌው ነው አዲሱ? ጓዳ ግን አንድ በር፣ አንድ መደርደሪያ ነው። ገብተህ የምትፈልገውን አንሥተህ ትወጣለህ። ሰው ሁሉ ትቶት ከሄደ በኋላ እንኳ አንድ ቀን ተበላሽቶ ያውቃል? እስቲ ደመና፣ አንተ ተናገር። የወንዝ ሥዕሌ አንድ ቀን ዘግይቶብህ ያውቃል?»

«አያውቅም» አለ ደመና። እውነቱን ነው።

«እንግዲያው ውስጡን እዩት» አልኩና ጓዳ ውስጥ ያለውን ሁሉ ከነዝርዝሩ የሚያሳየውን ትእዛዝ ጻፍኩ። ከኋላዬ ትንሿ «እትዬ፣ ቆይ...» ስትል ሰማኋት። ፈርታ ነው ብዬ ቁልፉን ተጫንኩት።

ግድግዳው ሞላ። የፕሮግራሞቼ ስሞች ተደርድረዋል፤ አንድም አልጎደለም። ከእያንዳንዱ ስም ፊት ግን አንዲት ትንሽ ቀስት አለች። ከቀስቷ ቀጥሎ ደግሞ ሌላ አድራሻ። ሰፈር። ሰፈር። ሰፈር። ከላይ እስከ ታች ሰፈር።

ሥራው ለሌላችሁ ልንገራችሁ። ቀስት ማለት ጠቋሚ ነው። ስሙ እዚህ ይኖራል፣ ዕቃው እዚህ የለም፤ ስሙን ስትጠራ ሳታውቀው ዕቃው ወዳለበት ይወስድሃል። ጓዳዬ ባዶ ነበር። መደርደሪያው ላይ ያለው ስም ብቻ ነው፤ በየጠዋቱ የወንዞቹን ሥዕል ሲሠራልኝ የኖረው የእህቴ ሰፈር ነው። እኔ ደግሞ በየደረጃው ቆሜ ከሰፈራችሁ ይበልጣል ስል የከረምኩት እሱኑ ነው።

ከየስሙ ጎን ጠቋሚው የተሠራበት ቀን ተጽፏል። አነበብኩት። እማዬ ዓይኗን የተቀደደች ቀን ነው። ዲስኩ እውነትም አንቃርሮ ሞቷል፤ ትንሿ ብቻዋን ሆና ያለውን ሁሉ ወደ ሰፈር አሽሽታ፣ እኔ ስመለስ በሩን እንደተውኩት እንዳገኘው ስሞቹን መልሳ ደርድራልኛለች። ከዚያ ማታ ማታ ሐኪም ቤት መጥታ እማዬን ጠየቀች፣ እኔን «ሁሉም ሰላም ነው» አለችኝ።

ክፍሉ ውስጥ ሥራውን የሚያውቁ ገብቷቸዋል። ካርታ ሠሪው አፉን በእጁ ጋረደ። የስታትስቲክስ ባለሙያዋ መነጽሯን አወለቀች፤ ላለማየት ይመስለኛል። ኃላፊው ግን አስተዳዳሪ እንጂ ባለሙያ አይደለም።

«ቀስቶቹ ምንድን ናቸው?» አለ።

መሬት ብትከፈት ያኔ እገባ ነበር። ከኋላ ወንበር ሲገፋ ሰማሁ፤ ትንሿ ተነሣች።

«የእትዬ ሐሳብ ናቸው» አለች፣ ፍጥን ብላ፣ ዓይኗን ከግድግዳው ሳትነቅል። «ለአዲሱ ማሽን ያሰበችው ነው። ዕቃው ሰፈር ይቀመጣል፣ በሩ ጓዳ ይሆናል። ሰው የለመደው መንገድ እንዳይዘጋበት፣ ሥራውም እንዳይሰበርበት ብላ እሷ ናት ያሠራችኝ። ጓዳ ወይም ሰፈር አይደለም፤ ሁለቱም ነው። እኔ የማሳየው ሌላ የለኝም።»

ኃላፊው ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። «ይኸዋ! እኔም ስል የነበረው ይሄንን ነው!» አለ፤ ብሎም አያውቅ። «ታዲያ ምን ያጨቃጭቀናል? ትልቋ ትያዘዋ!»

አንድ ሁለት ሰው አጨበጨበ፣ ሌላውም ተከተለ። ደመና ሳይቀር ፊቱ ፈታ አለ። የፈለግኩትን ሁሉ አገኘሁ፤ ማሽኑን፣ ቁልፉን፣ ጭብጨባውን። ወንበሯም ትመለሳለች። አንድ ቃል መናገር አያስፈልገኝም፤ ዝም ማለት ብቻ።

እህቴን ዞሬ አየኋት። ፈገግ ብላልኛለች። የድል ፈገግታ አይደለም፣ የምጸትም አይደለም፤ በቃ ደስ ብሏት ነው። ያኔ ነው ቅናቱ እስከ ዛሬ አድርጎት በማያውቀው ኃይል የያዘኝ። በሥራው በለጠችኝ፤ ይሁን። በሰው ፍቅር በለጠችኝ፤ ይሁን። «ቀናተኛ» ብዬ ሰው ፊት ያዋረድኳት ልጅ አሁን ደግሞ ራሷን አዋርዳ እኔን ትሰቅለኛለች? በዚህም ልትበልጠኝ? ዕድሜ ልኬን እሷ በማረችኝ ወንበር ላይ ልቀመጥ?

«ውሸቷን ነው» አልኩ።

ጭብጨባው ተቋረጠ።

«ዲስኩ እየሞተ ነው ብላ ነግራኝ ነበር፤ እኔ ጮኼ አባረርኳት። ፈቃድ ላይ ሳለሁ ሞተ። ጓዳ የሚባል ነገር የለም፤ ከዚያ ወዲህ ስሠራ የኖርኩት በሷ ሰፈር ነው። ቀስቶቹንም የሠራችው እሷ ናት። ዛሬ ገና አየኋቸው፣ ከእናንተ ጋር።» ከዚያ ድምፄ እንዳይሰበር ቶሎ ጨረስኩት። «ማሽኑ የሷ ነው።»

እንዳታመሰግኑኝ። እውነት ወዳድ ሆኜ አይደለም። እዚያ ክፍል ውስጥ ከነበሩት ሁሉ ለምን እንደተናገርኩ የሚያውቅ ቢኖር አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሷም ኮሪደር ላይ፣ ሣጥኖቹ መሃል ደረሰችብኝ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ተናዳለች። «ተሰጥቶሽ እኮ ነበር!»

«ማን ነው የሰጠኝ?»

ዓይኗን ወደ ሣጥኖቹ መለሰች።

«አየሽ? እሱ ነው።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ሰው ፊት እንዳታፍሪ ብዬ...»

«አውቃለሁ! ስለማውቅ ነው!» አልኳት። «ማሽኑን ውሰጂ፣ ቁልፉን ውሰጂ፤ ወንበሯንስ ድሮ ወስደሻል። ደግነቱን ግን ለብቻሽ አልተውልሽም። እሱን እንካፈላለን።»

አንድ አፍታ አየችኝና ሳቀች፤ እንባው ጉንጯ ላይ እየወረደ። እኔ አልሳቅኩም። በሣጥኖቹ መሃል በጎኔ ሾልኬ ሄድኩ።

ማታ ቤት እማዬ ብርቱካኗን ይዛ ጠበቀችን። መነጽሯን አድርጋለች፤ ግን ልጣጩን ስትልጥ ዛሬም በጣቷ ነው የምታየው። ተቀመጥን፣ ትንሿ በስተቀኟ፣ እኔ በስተግራዋ፣ እንደ ወትሮው።

«እህሳ፣ ለማን ደረሰ?» አለች።

ትንሿ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ለኔ» አለች። «ግን መጀመሪያ ለእትዬ ነበር የተሰጠው። ተጨብጭቦላትም ነበር። እሷ ናት ሰው ፊት ተነሥታ ለኔ የለቀቀችልኝ።»

እማዬ እጇ ልጣጩ ላይ ቆመ። ወደኔ ዞረች፣ በአዲሱ ዓይኗ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ብርቱካኑን ፈልቅቃ የመጀመሪያዋን ቁራጭ አነሣች።

የትንሿ እጅ ከልማዱ ተዘርግቶ ነበር። የእማዬ እጅ በላዩ አለፈና እኔ ዘንድ መጣ።

«ዛሬ ትልቋ ትቅደም» አለች።

ተቀበልኩ። ትንሿ የተዘረጋ እጇን ቀስ ብላ ሰብስባ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው፤ ከዚያ እጄ ላይ ያለችውን ቁራጭ አየቻት። ቁራጯን፣ ከዚያ እማዬን፣ ከዚያ መልሳ ቁራጯን። ያንን አስተያየት ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። የኔ ነው። እሷ ፊት ላይ ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

ብርቱካኑ ጎምዛዛ ነበር። ቀስ ብዬ፣ እያጣጣምኩ፣ ብቻዬን በላሁት።